የአገር ውስጥ መኪና ወይስ የውጭ? ስለ አገር ወዳድነትና ስለ መኪና ግዢ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መኪና ልግዛ ያለ ሰው መካሪ አያጣም። አንዱ ስለ ነዳጅ ፍጆታ ያወራል፤ ሌላው ስለ መለዋወጫ። በመጨረሻ አንድ ሰው ይነሣና «የአገርህ ምርት እያለ?» ይላል። ክርክሩ የሚጦፈው ከዚያ በኋላ ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች በእንዲህ ዓይነት ክርክር ላይ የሚነሡ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁርጡን ንገሩኝ፤ መኪና ስገዛ አገሬን ማሰብ አለብኝ?

ብታስቡ ደግ ነው። ግዴታ ግን አይደለም። ሐሳቡም ወረፋውን ይጠብቅ። መኪናው ለሥራችሁ ይሆናል ወይ፣ ሲጋጭ የተሳፈረውን ያተርፋል ወይ፣ ኪሳችሁ ይችለዋል ወይ የሚለው ይቀድማል። ይህን ፈተና ያለፉ ሁለት ሦስት መኪኖች ሲቀሩ ያን ጊዜ አገር ትምጣ።

ስትመጣም አርማ ይዛ አትምጣ። ኮፈኑ ላይ የተለጠፈው ስምና መኪናውን የሠራው እጅ ብዙ ጊዜ የተለያዩ ናቸው። እኔ የምከተለው እጁን ነው። ቀሪዎቹ መልሶች በሙሉ ከዚህ አቋም የሚነሡ ስለሆኑ፣ የማይስማማ ሰው ከወዲሁ ይወቀው።

«የአገር ውስጥ መኪና» የሚባለው የትኛው ነው?

ጣጣው ያለው እዚህ ነው። አንድ መኪና ቢያንስ አምስት ዓይነት ዜግነት አለው። ስሙ የተወለደበት አገር አለ። የኩባንያው ባለቤት ያለበት አገር አለ። የተነደፈበት፣ የተገጣጠመበት፣ ዕቃዎቹ የመጡበት አገር አለ። አምስቱም የሚገጥሙለት መኪና ዛሬ ብርቅ ነው።

የጃፓኑ ሆንዳ በ1982 በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ ሜሪስቪል በሚባል ቦታ «አኮርድ» የተባለውን መኪናውን መሥራት ጀመረ። ኒሳን በዓመቱ ቴነሲ ገባ። ቶዮታ በ1988 ጆርጅታውን፣ ኬንታኪ ላይ ካምሪን ማምረት ያዘ። ስለዚህ አንድ አሜሪካዊ «የጃፓን» የሚለውን ካምሪ ሲገዛ፣ መኪናውን የገጠመው ሰው የኬንታኪ ነዋሪ ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው «ቢዩክ ኢንቪዥን» የተባለው መኪና፣ የጄኔራል ሞተርስ ስም ይዞ፣ ቻይና ተሠርቶ አሜሪካ ሲሸጥ ቆይቷል። የአሜሪካ ምልክት ነው የሚባለው ጂፕም «ሬኔጌድ» የሚለውን ሞዴሉን ከጣሊያን፣ ከሜልፊ ፋብሪካ እያመጣ ይሸጥ ነበር።

ቢኤምደብሊው ደግሞ ሌላ ነው። በዓለም ላይ ካሉት ፋብሪካዎቹ በምርት ብዛት ትልቁ ጀርመን ውስጥ አይደለም። ሳውዝ ካሮላይና፣ ስፓርታንበርግ ነው ያለው። ከ1994 ጀምሮ ይሠራል። ከዚያ የሚወጡ መኪኖች ወደ ሌላው ዓለም በመርከብ ይጫናሉ። ስለዚህ «የጀርመን መኪና ገዛሁ» ብሎ የሚኮራ ሰው የአሜሪካ ወዝአደር የሠራውን ነድቶ ሊሆን ይችላል።

ባለቤትነቱን እንይ ካልን ይብሳል። የስዊድኑ ቮልቮ በ1999 የፎርድ ሆነ፤ በ2010 ደግሞ የቻይናው ጂሊ ገዛው። ጃጓርና ላንድ ሮቨር ከ2008 ጀምሮ የሕንዱ የታታ ናቸው። ሚኒ እና ሮልስ ሮይስ የቢኤምደብሊው፣ ቤንትሌይ የቮልክስዋገን ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ለ50ኛ ዓመት በዓለ ሲመታቸው በ2002 የተበረከተላቸው መኪና ቤንትሌይ ነበር። ክሩ በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ የተሠራ፣ የኩባንያው ባለቤት ግን ጀርመናዊ። ንግሥቲቱ እንግሊዛዊ መኪና ነዱ እንበል ወይስ አንበል? እኔ ነዱ እላለሁ። የክሩ ሠራተኞች ናቸውና የሠሩት።

የአሜሪካውን ክራይስለርን ካነሣን መቆሚያ የለንም። በ1998 ከጀርመኑ ዳይምለር ጋር ተዋሐደ። በ2007 ለአንድ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት ተሸጠ። በ2009 ከሰረና ፊያት እጅ ገባ። ከ2021 ወዲህ የስቴላንቲስ አካል ነው። የስቴላንቲስ ሕጋዊ መቀመጫ ሆላንድ ሲሆን፣ ፔዦ፣ ፊያት፣ ኦፔልና ጂፕ አንድ ጣራ ሥር ናቸው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሚሺጋን ያሉት ሠራተኞች እዚያው ነበሩ። የተቀያየረው ባለቤቱ ነው።

የት እንደተሠራ በምን አውቃለሁ?

የሻንሲ ቁጥሩን ተመልከቱ። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ አለው። በ1፣ በ4 ወይም በ5 ከጀመረ አሜሪካ ነው፤ በ2 ካናዳ፣ በ3 ሜክሲኮ። «ጄ» ጃፓንን፣ «ኤል» ቻይናን፣ «ደብሊው» ጀርመንን ያመለክታል።

ግን በመጀመሪያው ፊደል ብቻ አትማሉ። በተለይ የአውሮፓ ኩባንያዎች ፋብሪካው ሌላ አገር ቢሆንም የራሳቸውን አገር ፊደል የሚያስቀምጡበት ጊዜ አለ። ፋብሪካውን የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ 11ኛው ቦታ ላይ ያለው ምልክት ነው። ትርጉሙ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ መጠየቅ ይጠይቃል።

አሜሪካ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ነገር አለ። በ1992 በወጣ ሕግ መሠረት አዲስ መኪና ሲሸጥ ከዕቃዎቹ ስንት በመቶው ከአገር ውስጥ እንደመጣ፣ የት እንደተገጣጠመ፣ ሞተሩና ካምቢዮው የየት እንደሆኑ ተጽፎ ይለጠፍበታል። ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ነገር አለበት። «የአገር ውስጥ» የሚለው ቁጥር አሜሪካንና ካናዳን አንድ ላይ ይደምራል። መኪናውን የገጣጠሙት ሠራተኞች ድካም ደግሞ ከመቶኛው ውስጥ አይቆጠርም። ማለትም እኔ ዋና የምለው ነገር መቶኛው ላይ የለም።

እሺ፣ ፋብሪካው እዚህ ይሁን። ትርፉ ግን ወደ ውጭ ይሄድ የለ?

ይሄዳል። ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው። መኪና ሠሪዎች በቀጭን ትርፍ የሚሠሩ ናቸው። ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚወስዱት ዕቃ አቅራቢዎች፣ ደመወዝ፣ ማጓጓዣ፣ የሻጩ ድርሻና ግብር ናቸው። ትርፉ ከሁሉ ተርፎ የሚቀረው ነው። ያም ቢሆን የአክሲዮን ባለቤቶቹ በየአገሩ የተበተኑ ናቸው። የአገር ስም የያዘ ኩባንያ አክሲዮን የጡረታ ፈንዶች እጅ ሊሆን ይችላል፤ ፈንዶቹ ደግሞ የሌላ አገር።

አንድ ነገር ግን ለተከራካሪዬ እሰጠዋለሁ። ምርምሩና ንድፉ ብዙውን ጊዜ የኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ይቀራል። ጥሩ ደመወዝ የሚከፈለው መሐንዲስ እዚያ ነው። ቀጣዩ ሞዴል የሚታሰበው፣ ገበያ ሲቀዘቅዝም የትኛው ፋብሪካ ይዘጋ የሚባለው እዚያ ነው። ኩባንያ ሲቸገር የቤቱን ፋብሪካ መጨረሻ ላይ ይዘጋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ የአገር ልጅ ኩባንያ፣ በአገር ውስጥ የሚሠራ ከተገኘ፣ ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢታይ አልቃወምም። አገር ውስጥ የማይሠራ የአገር ልጅ ኩባንያስ? እሱ እንኳ አልሸሹም ዞር አሉ ነው።

ጀማሪ ፋብሪካ ግን ካልደገፍነው እንዴት ያድጋል?

ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። አዲስ ፋብሪካ የመጀመሪያ መኪናው ምርጥ አይሆንም። ማንም ካልገዛው ሁለተኛውን አይሠራም። ስለዚህ ገዢ ሆዱን ሰፋ ማድረግ አለበት የሚለው ክርክር እውነት አለው። ማስረጃውም ደቡብ ኮሪያ ናት።

ህዩንዳይ «ፖኒ»ን ማምረት የጀመረው በ1975 መጨረሻ ነው። ንድፉን ያወጣው ጣሊያናዊው ጆርጄቶ ጁጃሮ ነበር። ሞተሩ ከሚትሱቢሺ መጣ። ሥራውን እንዲመራ የተቀጠረው እንግሊዛዊው ጆርጅ ተርንቡል ነበር። ልብ በሉ፤ የኮሪያ ኩራት የሆነው መኪና የተወለደው በሦስት የውጭ አገር እገዛ ነው። መንግሥት ገበያውን ዘጋለት። በጃፓን መኪና ላይ የነበረው እገዳ የተነሣው በ1999 ነው። የኮሪያ ሕዝብ ለዓመታት ሌላ አማራጭ አልነበረውም ማለት ይቻላል።

ታዲያ ለምን ሠራ? የኮሪያ መንግሥት ጥበቃውን በነጻ አልሰጠም። ውጭ ሽጡ ብሎ ወጥሮ ያዛቸው። ህዩንዳይ በ1986 «ኤክሴል»ን ይዞ አሜሪካ ገባ። በርካሽነቱ ብዙ ተሸጠ፤ በጥራቱ ግን መሳቂያ ሆነ። እዚያ የሚወቅሰው ገዢ ኮሪያዊ አይደለም፤ አገሬ ነው ብሎ አይምርም። ኩባንያው ተዋርዶ ተማረ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ለሞተርና ለካምቢዮ የ10 ዓመት ዋስትና እስከመስጠት ደረሰ። ያን የሚያደርግ መኪናው እንደማይበላሽ የተማመነ ብቻ ነው።

ሌላውን ወገን እዩ። ሕንድ ውስጥ «አምባሳደር» የእንግሊዙን ሞሪስ ኦክስፎርድ ገልብጦ በ1950ዎቹ መጨረሻ መሠራት ጀመረ። ምርቱ ያቆመው በ2014 ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ መልኩ ብዙም አልተለወጠም። ለምን ይለወጣል? የሚፎካከረው አልነበረም። ማሩቲ ከጃፓኑ ሱዙኪ ጋር ሆኖ በ1983 ትንሽ ዘመናዊ መኪና ሲያመጣ ሕዝቡ ወደዚያ ጎረፈ። ምሥራቅ ጀርመንም «ትራባንት» ነበራት። «601» የተባለው ሞዴል ከ1964 ጀምሮ በመሠረቱ ያው ነው። ለመግዛት የተመዘገበ ሰው ከ10 ዓመት በላይ ይጠብቅ ነበር። የበርሊን ግንብ በ1989 ሲፈርስ ያ ሁሉ ተሰላፊ ሰልፉን ጥሎ ሄደ። ምርቱ በ1991 ቆመ።

ማሌዢያ በመካከል ናት። «ፕሮቶን» በ1983 ተመሠረተ። የመጀመሪያ መኪናው «ሳጋ» በ1985 በሚትሱቢሺ ቴክኒክ ወጣ። ቀረጡ ከለለው። አገር ውስጥ ብዙ ሸጠ፤ ውጭ ግን ብዙም አልሆነለትም። በ2017 ከአክሲዮኑ 49.9 በመቶው ለጂሊ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ አንሰራርቷል፤ ግን በሌላ አገር ቴክኖሎጂ ነው።

ስለዚህ ጀማሪ ፋብሪካን ስትደግፉ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። ካለፈው ሞዴል ይኸኛው ይሻላል? እየተሻሻለ ከሆነ ገንዘባችሁ ሥራ ላይ ነው። ዓመት በመጣ ቁጥር ያንኑ መኪና ቀለም ቀይሮ የሚያመጣላችሁ ከሆነ ፍቅራችሁን እየበላው ነው።

ጥራቱ ዝቅ ቢልም ለአገሬ ስል ልግዛ?

ዝቅ ያለው ምኑ ነው? ወንበሩ ጨርቅ ከሆነ፣ ድምፁ ትንሽ ከጮኸ፣ የውስጥ ፕላስቲኩ ርካሽ ከመሰለ፣ ያ የእናንተ ፈቃድ ነው። ፍሬኑ፣ ኤርባጉ ወይም የግጭት ፈተና ውጤቱ ከሆነ ግን አይሆንም። ኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ልጆች ስለ ንግድ ሚዛን አልተጠየቁም።

መንግሥት በውጭ መኪና ላይ ቀረጥ ቢጥል ችግሩ አይፈታም?

አንዳንዱ ይፈታል፤ አዲስ ችግርም ይወልዳል። በ1981 ጃፓን በአሜሪካ ግፊት ወደዚያ የምትልከውን መኪና በዓመት 1.68 ሚሊዮን ላይ ለመገደብ ተስማማች። ብዛቱ ከተገደበ ውድ ውድ መኪና መላክ ያዋጣል። የጃፓን ኩባንያዎችም ወደ ቅንጦት መኪና አዘነበሉ። አኩራ በ1986፣ ሌክሰስና ኢንፊኒቲ በ1989 መጡ። የአሜሪካ መኪና ዋጋም አብሮ ወጣ። ገዢው ከሁለቱም ወገን ከፈለ። በሌላ በኩል ገደቡ የጃፓን ፋብሪካዎች አሜሪካ ውስጥ እንዲተከሉ ገፍቷል። የሠራተኛውን ሥራ በተመለከተ ከአርማው ጋር ከተደረገው ጦርነት ይልቅ ይህ ጠቅሟል ባይ ነኝ።

የሚያስቀው ግን የ25 በመቶው የጭነት መኪና ቀረጥ ነው። አውሮፓ የአሜሪካን ዶሮ በመቅረጧ አሜሪካ የወሰደችው አጸፋ ነበር፤ በ1964 ሥራ ላይ ዋለ። የዶሮው ጠብ ተረሳ፤ ቀረጡ ቀረ። ማንን ጎዳ መሰላችሁ? ፎርድን ራሱን። ፎርድ «ትራንዚት ኮኔክት» የተባለውን ቫን ከቱርክ ሲያስገባ፣ የሰው መኪና እንዲመስል የኋላ ወንበር እየገጠመ፣ ወደቡን ካለፈ በኋላ ይነቅለው ነበር። ጉዳዩ በ2024 በ365 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ተዘጋ። በአገር ስም ከተጣለ ቀረጥ፣ የአገር ልጅ ኩባንያ ሊያመልጥ የሞከረው በዚህ ዘዴ ነው።

ፋብሪካው ቢዘጋ ተጠያቂው የውጭ መኪና የገዛሁት እኔ ነኝ?

ብቻችሁን አይደላችሁም። አውስትራሊያን እንውሰድ። «ሆልደን» በ1948 «የአውስትራሊያ የራሷ መኪና» ተብሎ ወጣ። ባለቤቱ ከ1931 ጀምሮ ጄኔራል ሞተርስ ነበር፤ ግን ሕዝቡ እንደ ልጁ አየው። ፎርድ በ2016፣ ቶዮታና ሆልደን በጥቅምት 2017 እዚያ መኪና ማምረት አቆሙ። አገሪቱ ያለ መኪና ፋብሪካ ቀረች።

የአውስትራሊያ ሰው አገሩን ስላልወደደ ነው? ፋብሪካዎቹን ከውጭ መኪና የሚከልለው ቀረጥ ለአሥርተ ዓመታት ደረጃ በደረጃ ወርዷል። የማዕድን ገበያው ሲደራ የአገሪቱ ዶላር ጠነከረና ወደ ውጭ መሸጥ አላዋጣም። ገበያው ትንሽ፣ ደመወዙ ከፍተኛ ነበር። ገዢውም ትልልቅ ባለ አራት በር መኪኖችን ትቶ ከፍ ወዳሉት መኪኖች ዞሯል። ሆልደን የለመደውን ይዞ ቆየ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የገዢው ድርሻ አንድ ክር ነው። የሆልደን የውሳኔ ወረቀት የተፈረመው ደግሞ የጄኔራል ሞተርስ ዋና መሥሪያ ቤት ባለበት ዲትሮይት ነው።

ገዢ ኃላፊነት የለበትም አልልም። ግን አመራሩ፣ መንግሥትና ባለአክሲዮኑ ጥፋታቸውን ይዘው ሳሉ መኪና ገዢን ብቻ ማሸማቀቅ ፍትሕ አይደለም።

የውጭ መኪና የሚነዳን ሰው ብንወቅስ ምን ነውር አለው?

መውቀስ የሚያበቃበትን አናውቅምና ነውር አለው።

ሰኔ 1982፣ ዲትሮይት። የመኪና ፋብሪካዎች ሠራተኛ እየበተኑ ነበር፤ ጥፋቱ ሁሉ በጃፓን ይላከካል። ቪንሰንት ቺን የተባለ የ27 ዓመት ወጣት ሠርጉ ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ከጓደኞቹ ጋር ወጣ። ሁለት ሰዎች ጠብ አነሡት፤ አንዱ የመኪና ፋብሪካ ተቆጣጣሪ፣ ሌላው ከሥራ የተቀነሰ። «በእናንተ የተነሣ ነው ሥራ ያጣነው» የሚል ቃል መሰማቱን ምስክር ተናግራለች። በቤዝቦል ዱላ ደብድበው ገደሉት። ቺን ጃፓናዊ አልነበረም። ቻይናዊ አሜሪካዊ ነበር። ፍርድ ቤቱ ገዳዮቹን ሳያስር በአመክሮና በ3,000 ዶላር መቀጮ ለቀቃቸው።

መስከረም 2012፣ ሲያን፣ ቻይና። በደሴቶች ውዝግብ የተነሣ ፀረ ጃፓን ሰልፍ ተቀሰቀሰ። ቶዮታ ኮሮላ የሚነዳ አንድ ሰው ሰልፈኞች መሐል ገባ። ጭንቅላቱን ተመታና ሰውነቱ በከፊል ሽባ ሆነ። ተመቺው ቻይናዊ ነበር። ቻይና ውስጥ የሚሸጠው የጃፓን ስም ያለው መኪና አብዛኛው የሚሠራው እዚያው ቻይና ውስጥ፣ በቻይና ሠራተኞች፣ ከቻይና ኩባንያ ጋር በሽርክና ነው። በዚያ ወር የቶዮታ ሽያጭ በግማሽ ያህል ወረደ። የወረደው የማን ሥራ ነበር?

እነዚህ ጥግ የወጡ ታሪኮች ናቸው፤ አውቃለሁ። ቀለል ያለው ደግሞ ያስቃል። በ2005 የአሜሪካ የመኪና ሠራተኞች ማኅበር ዲትሮይት ያለው ዋና መሥሪያ ቤቱ ግቢ መኪና ያቆሙ ለነበሩ የባሕር ኃይል እግረኛ ተጠባባቂ ወታደሮች «የውጭ መኪና ያለው እዚህ አያቁም» አላቸው። ለአገሩ ሊሞት የማለ ወታደር፣ ስለ መኪናው አገር ወዳድ አይደለህም ተባለ። ጩኸት ሲበዛ ማኅበሩ ውሳኔውን ሻረ። ወታደሮቹ ግን አመስግነው ሌላ ቦታ ፈለጉ።

ከተጣላናት አገር መኪና አለመግዛትስ?

ይህ የተለየ ነው። አንድ መንግሥት ያደረገውን የተቃወመ ሰው ገንዘቡን ቢነፍግ መብቱ ነው። ውጤትም አለው። በ2019 ጃፓን ለኮሪያ በምትልካቸው የኢንዱስትሪ ዕቃዎች ላይ ቁጥጥር ስታጠብቅ ኮሪያውያን የጃፓን ዕቃ ተዉ። ኒሳን በ2020 መጨረሻ ኮሪያን ለቆ ወጣ።

ነገሩ እዚያም ቶሎ መልኩን ቀየረ። በ2019 መስከረም ኮሪያ ውስጥ አዲስ የሰሌዳ ዓይነት ወጣ፤ ፊት ላይ ሦስት አኃዝ ያለው። ሦስት አኃዝ ያለው የጃፓን መኪና ካያችሁ፣ ባለቤቱ የገዛው ከአድማው በኋላ ነው ማለት ነው። ሰው ሰሌዳ እያነበበ ጎረቤቱን መፈረጅ ጀመረ። አለመግዛት የራስ ውሳኔ ሆኖ ሲቀር ደግ ነበር። የሌላውን ሰሌዳ ስንቆጥር ግን ወዳላሰብነው እንሄዳለን።

የመንግሥት መኪኖች የአገር ውስጥ ቢሆኑስ?

እዚህ ላይ ጠንከር እላለሁ። የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ ሠራተኛው ግብር ከፍሎበታል። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንቶች ከደ ጎል ጀምሮ በፈረንሳይ መኪና መታየታቸው ተገቢ ነው። ሚኒስትሩ በውጭ መኪና እየሄደ ሕዝቡን የአገርህን ግዛ ካለ ማንም አይሰማውም። ጨረታው ግን ግልጽ ይሁን። «አገር ውስጥ» በሚል ሽፋን ለዘመድ የሚሰጥ ጨረታ ስንት ጊዜ ታይቷል።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ። በ1968 መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ «ብሪታንያን እደግፋለሁ» የሚል ዘመቻ ተነሥቶ ነበር። ከዘመቻው ቲሸርቶች አንዳንዶቹ ፖርቱጋል የተሠሩ ሆነው ተገኙ።

ኤሌክትሪክ መኪናስ? ሁሉም የቻይና አይደለም እንዴ?

ሁሉም አይደለም፤ ግን ባትሪው ላይ ቻይና ትመራለች። ይህ የአርማውን ጨዋታ ይበልጥ ያወሳስበዋል። ቴስላ የአሜሪካ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ ከሸጣቸው ብዙዎቹ ግን ከሻንጋይ ፋብሪካው የመጡ ናቸው። የአውሮፓ ኅብረት በ2024 ቻይና በሚሠሩ ኤሌክትሪክ መኪኖች ላይ ተጨማሪ ቀረጥ ሲጥል የቻይና ኩባንያዎች ብቻ አልተነኩም። ቴስላም፣ የቢኤምደብሊው ሚኒም ውስጡ ገቡ።

ብዙ ሰው የማያነሣው አንድ ነገር አለ። መኪና ከተገዛ በኋላም ገንዘብ ይበላል። ነዳጅ ከውጭ የምታስገባ፣ መብራት ግን በራሷ ውኃ፣ ነፋስ ወይም ፀሐይ የምታመነጭ አገር ዜጋ ከሆናችሁ፣ የውጭ ኤሌክትሪክ መኪና ለዓመታት የምትነዱበት ኃይል የአገር ውስጥ ነው። አገር ውስጥ የተገጣጠመ ነዳጅ ጠጪ ግን በየሳምንቱ ገንዘቡን ወደ ውጭ ይልካል። ስሌቱን ሠርቶ የሚያይ አገር ወዳድ ሊደነግጥ ይችላል።

ያገለገለ መኪና ከሆነስ የምገዛው?

ብዙ አትጨነቁ። ገንዘቡ የሚሄደው ለሻጩ ነው፤ እሱም ምናልባት ጎረቤታችሁ ነው። ፋብሪካው ድርሻውን ያኔ ወስዷል። ከዚህ በኋላ ከመኪናው የሚጠቀመው ጋራዡ፣ ቀለም ቀቢውና ጎማ ሻጩ ነው።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በአገር ውስጥ መኪና ፋብሪካ ሠርቷል። የውጭ ብገዛ ያዝንብኛል። ምን ላድርግ?

በዚህ ገጽ ላይ የጻፍኩትን ይዛችሁ አትሟገቱት። እሱ ስለ ንግድ ሚዛን አይደለም የሚያስበው። አብረውት የሠሩትን ሰዎች እያሰበ ነው። ስጋቱም ባዶ ስሜት አይደለም። በ2009 ጄኔራል ሞተርስና ክራይስለር ሲከስሩ የጡረተኞች የጥርስና የዓይን ሕክምና ሽፋን እስከመቅረት ደርሷል። የቀድሞ አሠሪው ጤንነት በቀጥታ እሱን ይነካዋል።

ከመግዛታችሁ በፊት ይዛችሁት ሂዱ። ፋብሪካ ውስጥ የኖረ ሰው የበሩን ክፍተት፣ የብየዳውን መስመር፣ የቀለሙን አቀባብ ሲያይ ሻጩ የማይነግራችሁን ያያል። የአገር ውስጡንም የውጭውንም ያገላብጥላችሁ። «ይኼ ቆርቆሮ ነው» ካለ እመኑት። «ይኼ የኛ አይደለም» ብቻ ካለ፣ የት እንደተሠራ አብራችሁ ፈልጉ፤ ምናልባት ከሱ ፋብሪካ ሁለት ከተማ አልፎ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ካኮረፈ፣ እኔ ብሆን በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ከሆነ የሱን እገዛለሁ። ልዩነቱ ትልቅ ከሆነ ግን የራሴን ገዝቼ፣ መጀመሪያ ቁልፉን ለሱ እሰጠዋለሁ፤ ነድቶ ይሳደብበት።